ሠላሳ አምስቱን የተኮስኩ ዕለት

ያኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ዕድሜዬን አስቀድሜ የምናገረው ወድጄ አይደለም፤ "ልጅ ነበርኩ" ብዬ እንዳላመልጥ ነው። ነገሩ የደረሰብኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ በኅዳር የቡና ለቀማ፣ ከአጋሮ ወደ ጅማ ስመለስ ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው አንድ የአማርኛ ቃል ሰውን እስር ቤት ደጃፍ ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ያየሁበት ቀን ስለሆነ ነው። ሌላም ምክንያት አለው፤ እሱን ስደርስበት እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራዬ ልንገራችሁ፤ ካለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። ትምህርት ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር አንድ ልብስ አጠባ ቤት ገብቼ ሰባት ዓመት ሠራሁ። ሥራዬ መተኮስ ነበር። ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የሙሽራ ቬሎ፣ ያልተኮስኩት ነገር የለም። ደንበኛ ሲቆጣ ባለቤቱ "ተኳሿን ጥሯት" ይላል፤ እኔም ከእንፋሎቱ ውስጥ ላቤን እየጠረግኩ ብቅ እላለሁ። በመጨረሻ ወገቤ እምቢ አለኝና ተውኩት።

ቤት ስቀመጥ ስልኬ ላይ ጌጥ የሚሠሩ ሰዎች ማየት ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ከናስ ጉትቻ ይሠራል። ቋንቋውን አልሰማውም፣ ከየት አገር እንደሆነም አላውቅም፤ እጁን ብቻ ነው የማየው። እጁን እያየሁ መዶሻ ገዛሁ፣ የብረት መጋዝ ገዛሁ፣ ሞረድ ገዛሁ። ናሱን ከቁራሌው አገኝ ነበር። አብዛኛው ቀለህ ነው፤ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ባዶ ቀፎ።

የመጀመሪያዎቹን ቀለሆች ሰንጥቄ ልዘረጋቸው ስቀጠቅጥ እንደ ደረቀ ቂጣ ተሰባበሩብኝ። ሽማግሌውን ደጋግሜ ሳየው ለካ ከመቀጥቀጡ በፊት ናሱን እሳት ላይ አድርጎ፣ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግሎ፣ ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። እኔ ከቀጥቃጮች የሰማሁት የጋለ ብረት ውሃ ሲነካው እንደሚጠነክር ነበርና ፈራሁ። ሞከርኩት። ናስ የራሱ ጠባይ አለው፤ ግሎ ሲወጣ ይለዝባል፣ እንደ ቆዳ ይታጠፋል። ያን ቀን ብቻዬን ቤት ውስጥ እልል አልኩ።

ለዚህ ሥራ ስም ይኑረው አይኑረው የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከምችለው ሙያ ተበደርኩለት፤ "መተኮስ" አልኩት። የተጨማደደ ሸሚዝ በእሳት ይለሰልሳል፣ የደረቀ ናስም በእሳት ይለሰልሳል፤ ምን ልዩነት አለው? እሳት በዝቶበት ቀልጦ የሚቀረውን ደግሞ "ሞተ" እለዋለሁ። ይህን ቋንቋ የምንግባባበት ሁለት ሰዎች ነበርን፣ እኔና ነጂባ። ነጂባ ጓደኛዬ ናት፤ እዚያው ጊንጆ የጌጣጌጥ ሱቅ አላት። ጉትቻዎቼን እሷ ናት የምትሸጥልኝ። ሐቁን ለመናገር፣ እሷ ናት የምትደረድርልኝ።

የምሠራው የቡና ቅጠል የሚመስል ጉትቻ ነው። ችግሩ የዛሬ ቀለህ አፉ ጋ ሲደርስ ጠበብ ይላል፤ አንገት አለው። ሲዘረጋ አንገቱ ላይ ይሸበሸባል፣ ቅጠሉም ቅጠል መሆኑ ይቀርና ቀበቶ ያሰረ አሳ ይመስላል። እኔ የምመኘው ቀጥ ያለ፣ እንደ ቱቦ የሆነ ቀለህ ነበር። ቁራሌውን ስጠይቀው እንዲህ ያለ የለም አለኝ።

አጋሮ አጎቴ ጋሽ በቀለ አሉ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ካረፈ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ጋሽ በቀለ ከአያቴ የወረሱት አንድ የድሮ የአደን ጠመንጃ አላቸው። ፈቃድ አለው፣ አስመዝግቡ ሲባል ቀድመው የሚሰለፉት እሳቸው ናቸው። ጥይት ግን የለውም፤ ጥይቱ ከገበያ የጠፋው እኔ ሳልወለድ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ አውርደው ዘይት ቀብተው ይመልሱታል። እሱን ሲወለውሉ ማንም አያናግራቸውም።

በዚያ ኅዳር ለቀማ ላግዛቸው ሄጄ ነበር። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ከጓዳ ቅርጫት አምጪ አሉኝ። ቅርጫቱን ሳነሳ ከኋላው አንድ የቢስኩት ቆርቆሮ አየሁ። የሰው ዕቃ የመክፈት ልማድ የለኝም ብል እዋሻለሁ። ከፈትኩት።

ሠላሳ ስምንት ቀለህ። ከቂጡ እስከ አፉ ቀጥ ያለ ቱቦ፣ አንገት የለ፣ ወገብ የለ። የአያቴ ጠመንጃ ቀለሆች ናቸው። ቂጣቸው ላይ ጥይቱን የምታስነሳው ትንሿ መዳብ ወጥታ ቀዳዳዋ ብቻ ቀርቷል። በቀዳዳው አሻግሬ ሳይ የጓዳው መስኮት ታየኝ፤ ከመስኮቱ ባሻገር ደግሞ ሰባ ስድስት የቡና ቅጠል ታየኝ።

መጠየቅ ነበረብኝ። ግን ብጠይቅና እምቢ ቢሉኝስ? ለራሴ እንዲህ አልኩት፦ ባዶ ነገር ነው፣ ጥይት የለው፣ ጥቅም የለው፣ እንዳለም ረስተውታል። ሰው ሊሰርቅ ሲል እንዴት ያለ ጠበቃ እንደሚሆን ያን ቀን ነው ያየሁት።

በማግስቱ ጋሽ በቀለ ቡና ማድረቂያው ጋ፣ እትዬ ዘነበች ገበያ ሲሄዱ፣ ከማድቤቱ ጀርባ ከሰል አቀጣጠልኩ። ጅማ ደርሼ ለምን አልሠራሁትም ካላችሁ፣ አከራዬ የገመድ ላይ ነጠላቸውን ካቃጠልኩባቸው ወዲህ ግቢው ውስጥ እሳት ከልክለውኛል። ቀለሆቹን በየተራ ፍሙ ውስጥ አፍ ሳልል ቂጥ ሳልል እንደ በቆሎ ደረደርኳቸው። ሲቀሉ በጉጠት እያነሳሁ ባልዲ ውስጥ ጣልኳቸው። ጢስ፣ ጢስ ይላሉ። ሁለቱ ቀለጡ። እሳት ያልነካቸው ሦስት ሲቀሩኝ የጋሽ በቀለን ሳል ከበሩ ሰማሁና ሁሉንም ሰብስቤ ከሰሉ ላይ ውሃ ደፋሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ለመንገድ ስነሳ ጋሽ በቀለ መረቁኝ። "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ" ሲሉኝ ቆርቆሮው ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳው እግሬ ሥር ነበር።

ሚኒባሱ ከአጋሮ ወጥቶ ትንሽ እንደሄደ ነጂባ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጣል፤ እኔ ደግሞ መስመር ሲቆራረጥ በጩኸት የሚጠገን ይመስለኛል። ጎኔ አንዲት ዶሮ የያዙ እናት ተቀምጠዋል። ነጂባ "አገኘሽ እንዴ?" አለችኝ። የመለስኩላትን ቃል በቃል ልጻፍላችሁ፤ በኋላ ሌሎች ሰዎች ቃል በቃል ስለደገሙልኝ አልረሳውም።

"ሠላሳ አምስቱን ተኮስኳቸው። ሁለቱ ብቻ ናቸው የሞቱት። ሦስቱ ተርፈዋል፣ ጋሼ ሲመጡ ሰምቼ ተውኳቸው። አይ፣ እሳቸው ምንም አላወቁም። ነገ ቂጣቸውን በመጋዝ ቆርጬ፣ ሆዳቸውን ሰንጥቄ፣ ዘርግቼ አሳይሻለሁ።"

ነጂባ "ማሻአላህ፣ ጎበዝ" አለችኝ። እሷም ጮኻ ስለምታወራ ይህም ተሰምቷል።

ስልኩን ስዘጋ ሾፌሩ ሙዚቃውን ዝቅ አደረገው። ባለዶሮዋ እናት "ያ ረቢ" አሉና ወደ መስኮቱ ተጠጉ፤ ዶሮዋንም ወደዚያኛው ጭናቸው አዛወሯት። እኔ ቦታ የለቀቁልኝ መስሎኝ "ገለቶማ፣ እናቴ" ብዬ አመሰገንኳቸው። ከኋላ ሲስቁ የነበሩት ሁለት ነጋዴዎች ዝም አሉ። እንዴት ያለ ጨዋ መኪና ነው ብዬ አሰብኩና ትንሽ አሸለብኩ።

የነቃሁት ኬላ ላይ ነው። ሾፌሩ ወርዶ ከፖሊሶች ጋር ያወራል። ዞር ስል መኪናው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ባለዶሮዋ እናት ሳይቀሩ ወርደው ከመንገዱ ማዶ ቆመዋል። አንድ ወጣት ፖሊስና አንድ ሽበታም ሳጅን ወደ በሩ መጡ። ሳጅኑ በቀስታ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ "እህቴ፣ እጅሽን ከቦርሳው ላይ አንሺና ውረጂ" አለኝ።

ወረድኩ። "ስንት ሰው ነው የመታሽው?" አለኝ።

"ሰው? እኔ ጉትቻ ነው የምሠራው" አልኩ። ከማዶ አንደኛው ነጋዴ "ሠላሳ አምስት ብላለች፣ ቆጥረናል" አለ።

ኬላው ጎን ወዳለች አንዲት ክፍል አስገቡኝ። ነገሩ ሲገባኝ፣ እመኑኝ፣ ሳቄ መጣ። ልብስ አጠባ ቤቱን፣ መተኮሱን፣ ነጂባን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ወጣቱ ፖሊስ ከንፈሩን ነክሶ ዞር አለ። እኔም ድል ያደረግኩ መስሎኝ ቆርቆሮውን ራሴ ከፈትኩና አንዱን ቀለህ አውጥቼ ለሳጅኑ ሰጠሁት። "ይዩት፣ ባዶ ነው፤ በቂጡ ቀዳዳ አሻግሮ ያሳያል" አልኩት።

ሳጅኑ አሻግሮ አየ። ከዚያ አፉን አየ፤ እሳቱ ያወጣበትን ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ሌላ አወጣ፣ አየ። ፊቱ ተለወጠ። ወጣቱን በሩን እንዲዘጋ ነገረው።

"ማነው የሚሞላው?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ጥይቱን።"

ድሮ ወታደር እንደነበር፣ እንዲህ ያለ ሥራ እንደሚያውቅ አስረዳኝ። ቀለህ አሮጌው መዳብ ወጥቶለት፣ በእሳት ለዝቦ ከተገኘ፣ እንደገና ባሩድና እርሳስ ሊሞላ ነው። ሳይለዝብ ከተሞላ አፉ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አንድ ቦታ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥይት የሚሠራ ሰው አለ፣ እኔም ለእሱ አዘጋጅ ነኝ። ንጹሕነቴን ያሳይልኛል ብዬ የሰጠሁት ነገር ሁሉ ጥፋቴ ሆኖ ተገኘ።

ሳቄ ያን ጊዜ ቆመ። በሐሳቤ የመጣብኝ የጋሽ በቀለ ጠመንጃ ነው። ጥይት ሞሉ ከተባሉ ጠመንጃው ይወሰዳል፣ እሳቸውም ይታሰራሉ፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ በእኔ ጉትቻ። ከየት አመጣሽው ሲለኝ "ከቁራሌው ገዛሁት" አልኩ። ቆንጆ ውሸት ነበር።

ሳጅኑ ክዳኑን ገለበጠው። በሚስማር ተጭሮ የተጻፈ ስም ነበረበት፤ የአያቴ ሙሉ ስም፣ ከነማዕረጋቸው። እኔ ቆርቆሮውን ስሰርቅ ክዳኑን ማንበብ አልታሰበኝም። ቀጥሎ መታወቂያዬን አየ። የአያት ስም በሚለው ቦታ ላይ ያው ስም ነበር።

"አያትሽ ቁራሌው ናቸው?" አለኝ።

ጋሽ በቀለን አስደወለኝ። "ጋሼ፣ ኬላ ላይ ነኝ፣ ቆርቆሮው እኔ ጋ ነው" አልኳቸው። "እሺ፣ መጣሁ" ብለው ዘጉት። ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ያችን ሰዓት ተኩል እንዴት እንዳሳለፍኳት ለመጻፍ ብሞክር እጄ ይደክማል።

ሲመጡ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ የጠመንጃውን ፈቃድ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው ነበር። ሳጅኑ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ነገሩን ከእኔ አፍ ሳይሆን ከእሱ ሰሙት። ከዚያ ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀለሆቹን አንድ በአንድ እያነሱ ቂጣቸውን ማየት ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ አምስት፣ አሥር። እኔ ወለሉን አያለሁ።

"አቃጥላቸዋለች" አሉ በመጨረሻ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ቀጥለው ለሳጅኑ ተናገሩ። አባታቸው በዘመናቸው ጥይቱ ሲጠፋ ራሳቸው ይሞሉ እንደነበር አልደበቁም። ቀለሆቹን ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ እስከ ወገባቸው ያቆሟቸዋል። ከዚያ አፋቸውን ብቻ በፍም አንድ በአንድ ያሞቁታል። ቂጡ ግን እሳት አይነካውም፤ የባሩዱን ኃይል የሚችለው እሱ ነው፣ መድረቅ አለበት። እኔ ከስልክ ላይ ያገኘሁት ጥበብ አያቴ ቤት የነበረ መሆኑን ያን ጊዜ ነው የሰማሁት። አያቴ በትክክል ይሠሩት እንደነበርም እንዲሁ።

"ቂጡ የለዘበ ቀለህ ወደ ኋላ ነው የሚፈነዳው" አሉ። "የተኳሹን ዓይን ነው የሚያወጣው። ይቺ ልጅ እንደ በቆሎ ጠብሳቸዋለች፣ ወንድሜ። በዚህ ጥይት የሚሞላ ሰው አጋሮም የለም፣ ጅማም የለም።"

ሳጅኑ ከሾፌሮች ፒንሳ አስመጣ። አንዱን ቀለህ ቂጡ ላይ ይዞ ሲጨምቀው እንደ ሊጥ ገባ። ሳይተኮሱ ከቀሩት ከሦስቱ አንዱን ሞከረ፤ ፒንሳው አንሸራተተው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ቀና ብሎ ወደ እኔ አየና ጆሮዬ ላይ ያለው የራሴ ሥራ መሆኑን ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ነጂባ ሱቅ ስምንት ወር ተደርድሮ ገዢ ያጣ ጉትቻ ነው፤ አንደኛው ከሌላኛው በግማሽ ጣት ይረዝማል።

"እውነትም ጥይት አትሞላም" አለ ወጣቱን እያየ። "በዚህ እጇ ብትሞላ ከእሷ በቀር የምትመታው የለም።"

በሕይወቴ ስለ ሥራዬ የተነገረኝ አስተያየት እንደዚያ ያስደሰተኝ የለም።

ሳጅኑ ግን ወረቀቱን አልዘጋም። አንድ ነገር ቀረ አለ። ቆርቆሮው እንዴት እጇ ገባ? ገዛሁ ብላ ዋሽታለች፤ ከቤትዎ ተሰርቆ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ መጻፍ አለበት። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

"እኔ ነኝ የሰጠኋት" አሉ ጋሽ በቀለ። "ጉትቻ ልሥራበት አለችኝ፣ ውሰጂ አልኳት።"

"ታዲያ ለምን ዋሸች፣ አባቴ?"

"ለእኔ ፈርታ ነው።"

ጋሽ በቀለ ለቀልድ እንኳን የማይዋሹ ሰው ናቸው። ትንሽ ሳለሁ ድመቴ ስትሞት፣ ሰው ለልጅ እንደሚለው "ዘመድ ቤት ሄደች" ብለው ያላጽናኑኝ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን በፖሊስ ፊት፣ ወረቀት ላይ፣ ስማቸውን ፈረሙበት።

ሳጅኑ እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቆርቆሮውን መለሰላቸው። እኔ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፈብኝ፤ በቃል ደግሞ ከእንግዲህ "አለዘብኩ" እንድል መከረኝ።

ውጭ ስንወጣ ሚኒባሱ ከሄደ ቆይቷል። ጋሽ በቀለ ያልተነኩትን ሦስቱን ቀለሆች መርጠው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ አስገቡና ቆርቆሮውን ለእኔ ሰጡኝ። "ይኼ ከእንግዲህ ለሌላ ነገር አይሆንም፣ ያዢው" አሉኝ። "ይቅርታ ጋሼ" ልል ስጀምር እሳቸው ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አልበላሁም አልኳቸው። አብረን በላን፤ ያወሩት ስለ ቡናው አደራረቅ ብቻ ነበር።

ዛሬም ጊንጆ ውስጥ ስሜ "ተኳሿ" ነው፤ ነጂባ ለደንበኞቿ ታሪኩን እየተረከች ጉትቻዬን መሸጥ ጀምራለች፣ ከጉትቻው ታሪኩ ይሻላልና። እኔም ስለ ባለዶሮዋ እናት፣ ስለ ነጋዴው ቆጠራ፣ ስለ ራሴ ምላስ ስተርክ ከሁሉም በላይ የምስቀው እኔ ነኝ። "እኔ ነኝ የሰጠኋት" የሚለው ጋ ስደርስ ግን አልስቅም። እዚያ ጋ ሁልጊዜ ውሃ ልጠጣ ብዬ እነሳለሁ።

ከነገሩ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ከአጋሮ በመጣ መኪና አንድ ጆንያ ተላከልኝ። ከባድ ነው። ስፈታው የተጣመመ የሚዛን ሳህን፣ የተበሳ የናስ ሳፋ፣ የአሮጌ ፋኖስ የጋዝ ቋትና የበር እጀታዎች አገኘሁ። ለእትዬ ዘነበች ደውዬ ከየት እንደመጣ ጠየቅኳቸው። ጋሽ በቀለ ሰው ደጅ ቆመው ጨው እንኳን ለምነው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ሳምንት ግን፣ አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ ማታ ማታ ከማድረቂያው ሲመለሱ ከቤት ቤት እየዞሩ፣ የቡና ነጋዴዎቹ መጋዘን ሳይቀር እየገቡ፣ "የወንድሜ ልጅ አንጥረኛ ናት፤ የማትፈልጉት ናስ ካላችሁ ስጡኝ" ሲሉ ሰነበቱ። ጆንያውንም ራሳቸው ተሸክመው መናኸሪያ አድርሰው ጫኑት።